ያልተነዳችው አረንጓዴ

ሰውየው የሞተው ራሱ ባሠራው በር ሥር ነው። ከመሬት በታች ባለው ጋራዡ ውስጥ፣ ሦስት ውድ የስፖርት መኪኖች አንድ ዓይነት ግራጫ ሽፋን ለብሰው በቆሙበት መስኮት አልባ ክፍል፣ ብረቱን ሲቧጥጥ ጥፍሮቹ ተሰባብረው ተገኘ። መካኒኩ በሩን ፈልቅቆ ሲከፍት የሟቹ ሚስት ከኋላው ቆማ ነበር።

የክፍሉ ነገር እንዲህ ነው። እሳት ቢነሳ ውኃ ቀለም ያበላሻል ተብሎ ጣራው ላይ ጋዝ የሚተፋ አፍ ተገጥሟል። ደጅ ያለው ቀይ ቁልፍ ሲጫኑት በሩ በራሱ ይቆለፋል፣ ጋዙ ይለቀቃል፣ እሳቱ ይታፈናል። ሰውም አብሮ ይታፈናል! ይህን ያሰበው፣ የሸጠውና የገዛው ሁሉ ለመኪና ቆዳ ሲጨነቅ የሰው ሳንባ ትዝ አላለውም። ሞኝነት ብዙ ነው፤ እንዲህ ተወልውሎ የሚያብለጨልጭ ሞኝነት ግን ምራቅ ያስተፋል።

በቀዩ ቁልፍ ላይ የተገኘው የአንድ ሰው የጣት አሻራ ብቻ ነው፤ የሚስቲቱ። እሷም ሳሎኗ ውስጥ፣ ከገዛ ሶፋዋ ላይ፣ በሩን የዘጋውን ፖሊስ እያየች ተቀምጣለች። ልጇ ከትምህርት ቤት ልትመለስ ነው። ልጅቷ ስትገባ እናቷ በካቴና ስትወጣ እንዳታይ እንጂ ሌላ ምንም አልተመኘችም።

መርማሪዋ ቀጭን፣ አጭር ሴት ናት፤ የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች።

«ቀዩን ቁልፍ ነክተዋል?»

«ነክቻለሁ። ሲደበድብ ሰምቼ ወረድኩ። በሩን የሚከፍት መስሎኝ ደጋግሜ ተጫንኩት። በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አየኝ...»

«ከባልዎ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«ማን አለ?»

«የመኪና ዋጋ ገማቹ።»

«አፉን ይዝጋ! አዎ፣ አሥር ዓመት ተጣልተናል። ልጄ የአባቷ መኪና ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም፤ ዋጋ ይቀንሳል እየተባለ። ዛሬ ቁርስ ላይ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ‹ዛሬስ በአረንጓዴዋ እናንሸራሽራታለን› አለኝ። ታረቅን።»

«ማን ሰማ?»

«መካኒኩ ሰምቷል፤ ነዳጅ አምጣ ተብሎ ወጣ። ገማቹም ከኛው ጋር ቁርስ እየበላ ነበር።»

መርፌ «ከሃያ ዓመት በኋላ ከሦስቱ የቱ መኪና የሚወደድ ይመስልዎታል?» አለቻት።

ሚስቲቱ አፍጥጣ አየቻት። «ባሌ ሞቶ ይሄ ይጠየቃል? ለእኔ ሦስቱም ቆርቆሮ ናቸው።»

መካኒኩ ዓይኑ በልቅሶ አብጦ ገባ። ለዚያው ጥያቄ ግን መልሱ ፈጣን ነበር።

«ጥቁሯ ናታ! በነዳጅም በባትሪም ትሄዳለች። ስትነሳ አንገት ትሰብራለች።»

«አረንጓዴዋስ?»

«በእጅ ማርሽ ናት፤ ጊዜዋ አልፏል። ለጋሼ ግን ነፍሱ ነበረች። ሁልጊዜ መሃል ናት፣ ከጋዙ አፍ ሥር። አፉ ሲተፋ በረዶ ነው፣ ቀለሟን ይሰነጥቀዋል ብዬ ስንቴ ለመንኩት! ‹እሳት ቢነሳ መጀመሪያ እሷ ትዳን› ይለኝ ነበር።»

«መቼ አየሃት?»

«ትናንት ማታ፤ እዚያው ቦታዋ ነበረች። ዛሬ በሩን ከፍቼ ጋሼን ጎትቼ ከማውጣት ሌላ ምን አየሁ ብለሽ ነው?»

ገማቹ መኪና ሲነካ የሚያጠልቀውን ነጭ የጥጥ ጓንት ከኮቱ ኪስ አስወጥቶ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ለሰብሳቢዎች የመኪና ዋጋ የሚተምን ሰው ነው።

«እህቴ፣ የፈጠነ ሁሉ ይቀደማል» አለ፣ ተማሪ እንደሚያስተምር። «የጥቁሯ ባትሪ በአሥር ዓመት ይሞታል፤ ያን ጊዜ መለዋወጫ የሚሠራላት የለም። ሦስተኛዋ፣ ነጯ፣ በገፍ ተመርታለች፤ ሁሉም ሰው ያለውን ነገር ማን ይሰበስባል? አረንጓዴዋ ግን በእጅ ማርሽ ከተሠሩት የመጨረሻዋ ናት፤ የሄደችውም ዘጠና ኪሎሜትር ብቻ! ሰብሳቢ የሚገዛው አለመነዳቷን ነው።»

«ታዲያ መኪና መባሏ ለምንድነው?»

«እሱን ለሚነዱት ተዪላቸው።»

«ድርሻ አለዎት?»

«ግማሿ የእኔ ናት። ወንጀል ነው?»

«ጋራዡ ውስጥ መጨረሻ የገቡት መቼ ነው?»

«ወር አልፎኛል። ዛሬም ከቁርስ በኋላ ወደ ቤቴ ነው የሄድኩት።»

አመሻሹ ላይ መርፌ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸውና የተፈለቀቀውን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ጋዙ አልቋል፤ ሚስቲቱ ግን አየሩ የሚያንሳት መሰላት። ግድግዳው ተጠግቶ ተጠግቶ ደረቷ ላይ የወጣ ያህል ተጫናት። ባሌም እንዲህ ነበር የቆመው፣ አለች በልቧ።

መርፌ መሃል ላይ፣ ከጋዙ አፍ ሥር የቆመውን ግራጫ ሽፋን በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«አንድ መጥፎ ዜና አለኝ። በረዶው ይህቺን አረንጓዴ ጨርሷታል። ቀለሟ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል።»

«ውይ! የጋሼ ነፍስ!» አለና መካኒኩ ጭንቅላቱን ያዘ።

ገማቹ ፈገግ አለ። የተሳሳተ ግምት ሰምቶ ዝም ማለት አያውቅበትም። «እህቴ፣ የማታውቂውን አትገምቺ። እሷ ጥቁሯ ናት። አረንጓዴዋ ጥግ ላይ ነው ያለችው፤ አንድ ጭረት አልነካትም።»

መርፌ ሽፋኑን ገለጠችው፤ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ቀለም ታየ።

«እውነትዎን ነው። ቀድሜ ገልጬ አይቻለሁ። ግን ወር ሙሉ ያልገባ ሰው ከሽፋኑ ሥር ያለችውን በምን አወቀ? እስከ ትናንት ማታ መሃል የነበረችው አረንጓዴዋ ናት።»

ገማቹ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«እኔን ከመጀመሪያው የገረመኝ» አለች መርፌ «ሰው ሊገድል ሲነሳ አስቀድሞ መኪና ከአደጋ የሚያወጣ ገዳይ ነው። ለእኚህ ሴት ሦስቱም ቆርቆሮ ናቸው፤ የትኛዋም ብትሰነጠቅ ግድ የላቸውም። መካኒኩ ቢሆን ጥቁሯን ያሸሽ ነበር እንጂ ከበረዶው ሥር አይገፋትም። ለአረንጓዴዋ የሚሳሳ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ሟቹ ዛሬ ሊነዳት መሆኑንም ይኸው ሰው ቁርስ ላይ ሰማ። ለመሆኑ እርስዎ ምን ብለው አስገፏት?»

ገማቹ ጓንቱን ወደ ኮቱ ኪስ ገፋ።

«‹ሳትነዳ የመጨረሻ ፎቶ ላንሳት› ሳይለው አይቀርም» አለች ሚስቲቱ ድንገት። «እሱ ለፎቶ እምቢ አይልም ነበር።»

«እንግዲህ አብረው አዘዋወሯቸው። ከዚያ እሱ ሊያሰናዳት ውስጥ ቀረ፣ እርስዎ ወጥተው በጓንትዎ ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ። አሻራ ያልተዉት ለዚያ ነው። የሚስቱ ጣት ያረፈው በኋላ፣ ልታድነው ስትሮጥ ነው።»

ገማቹ ፊቱ ቀላ። «መቶ ኪሎሜትር ካለፈች ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ? ተራ አሮጌ መኪና! ለምኜዋለሁ! ልጅ ሊያንሸራሽርባት! በብስኩት እጇ!»

ሚስቲቱ ልትመታው ተነሣች፤ ከዚያ ተወችው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ የሚያርፍ ጥፊ ይባክናል። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ገማቹን ሲያወጣው ከደጅ አየር ገባ፤ እሷም ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። ደረጃው ላይ የልጇን ኮቴ ሰማች።

አረንጓዴዋ ተመርምራ የተመለሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሚስቲቱ ሽፋኗን ገፍፋ መሬት ላይ ጣለችውና ልጇን አስገብታ ቀበቶ አሰረችላት።

«እትዬ» አለ መካኒኩ እየፈራ «ግማሿ የዚያ ሰውዬ ናት እኮ።»

«እንግዲያው እኔ በራሴ ግማሽ በኩል እቀመጣለሁ» አለችና ከመሪው ኋላ ገባች።

ማርሹ መጀመሪያ አንገራገረባት፤ የአባቷን አሮጌ ፒክአፕ ከነዳች ብዙ ዘመኗ ነው። ሁለተኛው ላይ ገባላት። ከጋራዡ ወጥተው፣ ግቢውን አልፈው፣ ዋናውን መንገድ ያዙ።

«እማዬ፣ ቁጥሩ ዞረ፤ መቶ ሆነ!» አለች ልጅቷ፣ ብስኩቷን እየገመጠች።

«ይዙር» አለች እናቷ፣ መስኮቱን እያወረደች።