ልቡ ከመቆሙ በፊት

የያርጋል አስከሬን ገና ከቀዶ ጥገናው አልጋ አልተነሣም። ናዝራዊት ማሽኗ አጠገብ ቆማለች፤ የፈራችው ሬሳውን ሳይሆን በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ደረሰባት።

በደባርቁ የሊማሊሞ የልብ ማዕከል ውስጥ፣ ሐኪሙ ልብ ሲያቆም የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ ደም የሚያዘዋውረው የእሷ ማሽን ነው። ዛሬ የያርጋል ልብ እንደቆመ ማሽኑ አየር ገባበትና እሱም ቀጥ አለ። በጨነቅ ካምፕ ስካውት፣ የፓርክ ጠባቂ የነበረው ያርጋል በዚያው ቀረ። ዶክተር ቴዎፍሎስ ጣቱ ለቢላ ብቻ ሳይሆን ለመጠቆምም የሠለጠነ ነውና ወዲያው ወደ እሷ ቀሰረው። ጥፋተኛ ከተባለች እስር ቤት ትወርዳለች።

ኢንስፔክተር ዓለምብርሃን ከዳባት ተጠርቶ መጣ። ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ዝግ ብሎም የሚያይ ሰው ነው።

«ይኼ ከድሮው ማሽን በምን ይለያል?» አላት።

«ትንሽ ነው፤ የበሽተኛውን ደም አያባክንም። ግን ዝግ ነው። በድሮው ደሙ መጀመሪያ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለሚያርፍ የገባው አየር እዚያ ይቀራል። ይኼኛው ከደም ሥር በቀጥታ ነው የሚስበው። የትም ቦታ ክፍት ካገኘ አየሩንም ይስባል።» ቱቦዎቹን በጣቷ እየተከተለች አሳየችው። «የኔን ቱቦዎች ግን አየኋቸው፤ ሁሉም ጥብቅ ናቸው።»

ዓለምብርሃን ማሽኑን ትቶ ወደ አስከሬኑ ሄደ። የያርጋል አንገት በአዮዲን ቡናማ ሆኗል። በአንገቱ ጎን ደም ሥሩ ውስጥ መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ ገብቷል፤ ከቱቦው አጠገብ ነጭ ማተብ ታስሯል። ኢንስፔክተሩ ማተቡን በእስክሪብቶው ጫፍ ቀና አድርጎ ሥሩን አየ።

ከዚያ ሁሉንም በየተራ ጠየቀ። ነርሷ ወርቄ ማተቡን ፈትታ ለእናትየው ከሰጠች በኋላ አንገቱን አዮዲን መቀባቷን ተናገረች። ዶክተሩ ዓይኔን ከበሽተኛው ደረት አላነሣሁም አለ። ማደንዘዣ ሰጪው ጠይብ ምንም አላየሁም አለ፤ የሟቹ እናት በኮሪደሩ ስታልፍ ግን ፊቱን አዞረ።

በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰበሰባቸው። ከበየዳ የመጣችውን የሟቹን እናት ዘቢደርን ግን ውጭ እንድትቆይ ለመናት።

«የወለድሁት እኔ ነኝ» ብላ ተቀመጠች።

«ከማተቡ ሥር ያለው ቆዳ ቡናማ ነው፤ ክሩ ግን ነጭ» አለ ዓለምብርሃን። «ስለዚህ የታሰረው አዮዲን ከተቀባና ከደረቀ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ በሽተኛው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ አንገቱን ሊነካ የሚችለው ከራስጌው የሚቆመው ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ጠይብ ዞሩ። ናዝራዊት ማመን አቃታት፤ ጠይብ ሙስሊም ነው፣ የማተብ ነገር ከእሱ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

«ክሩ ሲታሰር የቀጭኑን ቱቦ መዝጊያ ያዘና አዞረው። የክሩ ብጣሽ አሁንም መዝጊያው ላይ አለ። ማሽኑ አየር የሳበው በዚያ ነው።»

ጠይብን ላብ አጠመቀው። «አደራ ተብዬ ነው። ማሽኑ ሲቆም መዝጊያውን ክፍት አገኘሁትና ዘጋሁት። ከዚያ ፈራሁ። ናዝራዊትን ሲወነጅሏት እንኳ አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«የማን አደራ?» አለ ዶክተሩ።

ጠይብ መሬት መሬት አየ። ናዝራዊት ያን ጊዜ ገባትና ወደ እናትየው ዞረች።

«የእኔ ነው» አለች ዘቢደር። «ልቡን እናቆመዋለን ሲሉኝ፣ ልብ ከቆመማ ሞት አይደለም ወይ አልሁ። ያለ ማተቡ እንዳይሻገር፣ በሩ ላይ ይኼን ልጅ ለመንሁት።» ወደ ጠይብ ዞረች። «ከመቆሙ በፊት አስረህለት ነበር፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እናቴ። ከመቆሙ በፊት።»

«እንግዲያ የገደልሁት እኔ ነኛ» አለች ቀስ ብላ።

ፖሊሱ ለናዝራዊት ከበሩ ዞር አለላት፤ ነፃ ነበረች። እሷ ግን አልወጣችም፤ ሄዳ እናትየው እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።