መኪናቸው የለም

«ወንድሜ! ኧረ ወንድሜ! ብርሃኔን ዘግተህብኝ ወዴት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን ከጥርሷ አላቃ ጮኸች። አንድ ጥቁር መኪና መጥቶ ከሱቋ መስኮት ሥር ልጥፍ ብሎ ቆሟል። ሱቅ ተባለች እንጂ፣ ያቺ ክፍል መስኮቷ ከተጋረደ ቀኑም ጨለማ ነው። ሹፌሩ በሩን ቆልፎ ሊሄድ ሲል ዞር አለ። ረዘም ያለ፣ ሸሚዙ ጥንቅቅ ብሎ የተተኮሰ፣ የአንድ እጅጌው ቁልፍ ግን የወለቀ ሰው ነው።

«ይቅርታ እመቤት፣ ሰው ያለበት አልመሰለኝም።»

«ሰውማ አለ! ያውም በዳበሳ የሚሰፋ ሰው።»

ሳቀ። እናንተዬ፣ ሳቁ ነው ጉድ የሠራት! ልታወርድበት ያሰናዳችው ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ ጠፋባት።

«እሺ፣ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ» አለ።

«መልሰው። ስትጨርስ ደግሞ ና፣ ያንን ቁልፍ ልስፋልህ። እጅጌህን እያንጠለጠልክ ሰው ፊት ትቆማለህ እንዴ?»

እንዲህ ተጀመረ። በማግሥቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን የሚሰፋ ቁልፍ ስላልነበረው የሚያሳብብበት አጥቶ ዝም ብሎ ቆመ፤ እሷም የምትቀመጥበትን ዱካ አቀበለችው። ብርሃኗን ስለጋረደባት «ጥላ» ስትል ስም አወጣችለት። ትንሽ ቆይቶ «ጥላዬ» ሆነ። ያው ታውቁታላችሁ፣ ሴት ልጅ ስም ላይ «ዬ» ከጨመረች ነገሩ አልቋል።

የማንን መኪና እንደሚነዳ ስትጠይቀው «የአንድ መሥሪያ ቤት ሰውዬ ነው፣ ስብሰባ የሚወድ» ብሎ ነገሩን በሳቅ አለፈው። እሷም አልመረመረችም። የልጇ አባት ልጅቷ ገና ዳዴ ሳትል ጥሏቸው ከሄደ ወዲህ፣ ከወንድ ጋር እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ልጅቷ፣ ሚጡ፣ ደግሞ ከእናቷ ብሳ ወደደችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ጭኑ ላይ ትወጣለች።

«ጋሼ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?»

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ! እኔ መሪ ብቻ ነው የማውቀው።»

እንዲህ እያላት፣ እንዳትሰለች እያሳቀ ማባዛቱን አስያዛት። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች በዓይኗ ጥግ ታያቸዋለች። 

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልውሰዳችሁ። የሚጡ ክፍል ያለው በአሮጌው ሕንፃ ነው። የክፍሉ የኋላ ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውስጥ ተለጥጧል። መምህርቷ ዴስኮቹን ወደ ፊት ገፍታ ልጆቹን አጨናንቃ ነው የምታስተምረው። ርዕሰ መምህሩን ሲጠይቋቸው እጃቸውን ዘረጉ። «ክፍሉን ለመዝጋት የአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ማዘዝ አለባቸው። ያለ እሳቸው ምስማር አልመታም።»

ወላጆች ወደ ኃላፊው ሄዱ። መሪያቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ ድምጿ ከነምድጃዋ የሚሞቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላት ሴት። የጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ በሩን ገርበብ አድርጎ ባዶውን የመኪና ማቆሚያ ያሳያቸዋል።

«ይኸው ተመልከቱ። መኪናቸው የለም። መኪናቸው ከሌለ እሳቸውም የሉም።»

እውነት ነው፤ ኃላፊው አንዲት ክንድ በእግራቸው እንደማይሄዱ አገር ያውቃል። ወላጆችም ለመዱ። እየመጡ በአጥሩ ይመለከታሉ፤ ቦታው ባዶ ነው፤ ይመለሳሉ። ስልክ ሲደወል አይነሳም። አንዱ ሳምንት ሌላውን ወለደ፣ ሰውየው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ቀሩ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ለጥላዋ ታወራዋለች። ለማን ታውራ?

«ነገ ደግሞ እንሄዳለን። ዛሬ ግድግዳው የልጆቹ ፀጉር ላይ አፈር ሲያራግፍ ነበር አሉ።»

ሻዩን ፉት ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ «ስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?» ይላታል።

ስለሚያስብላት መሰላት! ሰዓቱን ነገረችው።

አንድ ቀን «ፀሐዩ ቀለሙን እየበላው ነው፣ አቧራውም አስቸገረኝ፤ ለመኪናዋ ልብስ ብትሰፊላትስ?» አላት። ደስ አላት፤ ለሚወዱት ሰው መሥራት ደስ አይልም? ጥሩ ግራጫ ሸራ መርጣ፣ ጠርዙን ደርባ፣ ጎማው ድረስ የሚሸፍን አድርጋ ሰፋችለት። ከዚያ ወዲህ መኪናው ከሱቋ አጠገብ እንደ ተሸፈነ ይውላል። ዳቦ ጋጋሪዋ እንኳ አንድ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ እንደ ልማዷ ባዶ እጇን ተመልሳ፣ የዳቦ ቅርጫቷን ሸራው ላይ አሳርፋ ኃላፊውን ስትራገም አረፈደች።

«የት ይሆን የሚውለው ይሄ ሰውዬ? መሬት ዋጠችው?»

ሹፌሩ ዱካው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት «እንጋባ» አላት። እንዲህ በድንገት፣ የሌላ ሰው ሱሪ እየተኮሰች ሳለ!

ካውያው በእጇ ቀረ። «ምን አልክ?»

«እንጋባ። አንቺ፣ እኔ፣ ሚጡ... አንድ ቤት።»

«እሺ ማለትማ ከልቤ እሺ ነው» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ግን የልጄ ነገር መልክ ይያዝልኝ። ከዚያ ግድግዳ ሥር ትውጣልኝ፣ በማግሥቱ አገባሃለሁ።»

ፊቱ ደም የሌለው ሰው መሰለ። ደስታው ነው አለች በልቧ። አይ የዋህነት!

ዝናቡ መጣ። በሁለተኛው ቀን ግድግዳው ጎኑን ጣለ። ልጆቹ ወደ ፊት ባይጨናነቁ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እግዜር ይወቅ። የሚጡን ክንድ ግን ጡብ አገኘው። እናቷ ክሊኒክ ስትደርስ ልጅቷ አጥንቷ ተሰብሮ፣ ፊቷ በአቧራ ነጥቶ «እማዬ፣ ደብተሬ እዚያ ቀረ» እያለች ታለቅሳለች። 

ክንዷ ታስሮ ሲወጡ የሱቋን በር ክፍት ትታ መሄዷ ትዝ አላት። ልጇን አቅፋ ወደዚያው አመራች። ሱቋ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ነው። ወላጆች ደግሞ የግድግዳውን መፍረስ ሰምተው ወደ ፊት ለፊቱ በር ተመዋል፤ የዳቦ ጋጋሪዋ ጩኸት ከወዲያ ማዶ ይሰማል።

ጥላዋ መኪናው ጋ ነው። ስልኩ አንዴ ብቻ ጠራና ተቋረጠ። ያን ጊዜ ሸራውን በጥድፊያ ገፈፈ፣ አጣጥፎ ወደ ኋላ ወረወረ፣ ሞተር አስነሳ። ከጀርባው አጥር፣ የጽዳት ሠራተኞች ከሚገቡባት ጠባብ የብረት በር፣ ኮት የለበሱ ሰው ጎንበስ ብለው ወጡ። ፎቷቸው የትምህርት ቤቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንዴ ያየ አይስታቸውም።

«ቶሎ በል! እነዚያ ሴቶች በሩን ሊገነጥሉት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች።

«እማዬ፣ ጋሼ እኮ ነው!» አለች ሚጡ፣ በደኅናው እጇ እየጠቆመች።

ቀና አለ። አያት። የታሰረውን ክንድ አየ። ከዚያ... ነዳው። እሷን እያየ ነድቶ ሄደ!

አመሻሹ ላይ መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ግባ ልልህ አልችልም» አለችው። «አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። እዚያ ክፍል የምትማረው ልጄ መሆኗን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንሄዳለን ብዬ ሰዓቱን ስነግርህስ?»

አንገቱን ደፋ። «ቀድሜ እነግራቸው ነበር። መኪናውን እዚህ የምሸሽገውም ለዚያ ነው።»

«ውይ! ውይ እኔ!» ደረቷን ያዘች። «ማባዛት ስታስጠናትስ ምን ታስብ ነበር? ጭንህ ላይ ስትቀመጥስ?»

«ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ ባልነዳቸው ሌላ ሹፌር ይነዳቸዋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ...»

«ሌላ ሹፌር ቢሆንማ ባልነደድኩ! ሌላ ሹፌር ሻዬን አልጠጣም። ልጄን አላቀፈም። መደበቂያውን በኔ እጅ አላሰፋም! ሂድልኝ። አሁኑኑ ሂድልኝ!»

ሄደ። እሷ ግን ገና የሚያቃጥል ነገር ቀርቷታል፤ ለወላጆቹ መንገር። በማግሥቱ ማለዳ ዳቦ ቤት ሄዳ፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው።

«እና አንቺው ሰፍተሽለት፣ አንቺው ከኛ ጋር በር ትደበድቢ ነበር?» አለ አንድ አባት።

«እያወቅሽ አይደለም በይን» አለች ሌላዋ፣ አፏን ሸርመም አድርጋ።

ከዚህ በላይ ምን ሞት አለ? ዳቦ ጋጋሪዋ ግን ዱቄት የለበሱ እጆቿን ዘርግታ ወደ ጉያዋ ሳበቻት። «ዝም በሉ እናንተ! የገዛ ልጇን ክንድ አሰብራ ምን ትጠቀማለች? ቅርጫቴን ያሳረፍኩበት እኔስ? እኔም ጅል ነኝ! በሉ ተነሱ፣ ከእንግዲህ ልጆቹን ይዘን ትምህርት ቤቱ ግቢ እንቀመጣለን። አንድም ልጅ ክፍል አይገባም።»

ግማሾቹ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፤ ግማሾቹ ደግሞ ከንዴት ብዛት የጀርባውን በር ረስተው፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ጽሕፈት ቤቱ በር ሄዱ። ኃላፊውም እንደ ልማዳቸው በጀርባ ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ያን ቀን ግን ጥቁሩ መኪና ወደ ቤታቸው አልታጠፈም። ትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ ከተፍ ብሎ፣ ከፈረሰው ግድግዳ ፊት ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ።

«ደርሰናል ጌታዬ።»

«አብደሃል? አንተ ሰውዬ አብደሃል? ንዳው!»

«አልነዳም።»

እናቶች መኪናውን ከበቡት። ኃላፊው ሲወርዱ ኮታቸውን እያስተካከሉ «ጉዳዩን በቅርብ እየተከታተልኩት ነው» ማለት ጀመሩ።

«እንግዲያው ከዚህ በቅርብ የለም» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ይግቡና ከቀረው ግድግዳ ሥር አንዴ ይቀመጡልን።»

ኃላፊው ደጃፉ ላይ ቆመው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ይሄማ... ይሄማ አደገኛ ነው።»

 ልብስ ሰፊዋ ልጇን አቅፋ ፊታቸው ቆመች።

«ለእርስዎ አደገኛ ከሆነ፣ ለእሷስ ጌታዬ?»

 ኃላፊው እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ስልካቸውን አውጥተው ሕንፃው እንዲዘጋ አዘዙ። ልጆቹም ወደ ጽሕፈት ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ተዛውረው፣ ለስላሳ ወንበር ላይ እየተሽከረከሩ መማር ጀመሩ። ሹፌሩ በዚያኑ ዕለት ከሥራ ተባረረ።

ከሳምንት በኋላ በእግሩ መጣ። ከስቷል፣ ጢሙን አልተላጨም። ልብስ ሰፊዋ ልቧ እንዴት እንደዘለለ ብነግራችሁ ታፍሩባታላችሁ። መሸሸግ እንኳ አቃታት።

«ልጄን አወጣህልኝ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሳልልህ ብቀር ግፍ ነው።»

«ከዚያ ግድግዳ ሥር ከወጣች አገባሃለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ይኸው ወጣች። ይቅር በይኝ... እኔ ያላንቺ ሰው አይደለሁም።»

መቀሱን አስቀመጠች። ፊቱን አየችው፤ የምትወደውን ፊት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በልጄ ሞት አትዋሸኝ። ያን ቀን ባላይህ ኖሮ፣ በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ትነዳቸው ነበር?»

አፉን ከፈተ። አዎ ቢላት ታምነው ነበር። አዎ እንዲላት በሆዷ እየለመነችው ነበር! በል፣ በል እንጂ...

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ።  «አይመስለኝም። አልነዳቸውም ነበር።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከተዋወቁ ወዲህ መዋሸት እየጠቀመው ሳለ የነገራት የመጀመሪያ እውነት ይህ ነው፤ እሱም ከዚህ በላይ እንዳትቀጥል አደረጋት።

«እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ... ደኅና ሁን ጥላዬ።»

 ዝቅ ብሎ ዱካው ላይ የተቀመጠችውን ሚጡን ግንባሯን ሳማትና ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌቷ ተመልሳ ክር ልታስገባ ሞከረች፤ የመርፌው ቀዳዳ አልታይ አላት።

«እማዬ፣ ጋሼ ነገ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ለምን? አይወደንም?»

ልጇን ከታሰረው ክንዷ ጋር ቀስ አድርጋ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«ይወደናል የኔ ልጅ» አለች። «እየወደደን ነው እኮ ያን ሁሉ ያደረገው።»