የሰው ሐዘን

ሰው በመልኩ ይወደዳል፣ በአንደበቱ ይወደዳል። የማተሚያ ቤቷ አራሚ ግን ዶክተሩን የወደደችው በጆሮው ነው። ባሕር ማዶ ፍልስፍና ተምሮ የተመለሰ ሰው፣ እሷ ስታወራ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣታል። «ከዚያስ?» ይላታል በለሆሳስ። እንደዚያ አድርጎ የሰማት ሰው አልነበረም። ለሠርጋቸው አንድ ወር ቀርቷል።

አንድ ጠዋት፣ ረቂቁን ጮክ ብላ የምታነብላት ባልደረባዋ ስለታመመች ዶክተሩ ራሱ ሊያነብ መጣ። የጻፈው መጽሐፍ እውነት ስለ መናገር ነው። እሱ ከነሥርዓተ ነጥቡ ያነባል፤ እሷ ለእርማት የወጣውን ገጽ በእስክሪብቶ ትከተላለች።

«አባቴ ሲያጣጥር ወሬዬን አላቆምኩም፣ አራት ነጥብ። ጣቱን አንስቶ ከንፈሬ ላይ አደረገው፣ አራት ነጥብ። ለካ የማወራው ለእሱ ሳይሆን ለገዛ ፍርሃቴ ነበር፣ አራት ነጥብ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ።

የእሷ አባት ነው። የእሷ ከንፈር ነው። ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን፣ መናፈሻ ውስጥ ደረቱ ላይ ተደግፋ እያለቀሰች ለዶክተሩ ብቻ ነግራው ነበር።

«አባትህ ትናንት ምሳ ጋብዘውን የለ እንዴ?» አለችው። «አጥንት ሲግጡ ነበር እኮ!»

ሳቀ። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ እኮ የፈላስፋ ‹እኔ› ነው። ማንም ሰው ማለት ነው።»

«ማንም ሰው አባቴን አላስታመመም። እኔ ነኝ ያስታመምኩት።»

«ስምሽን እንዳላነሳ ብዬ ነው፤ ላንቺው ተጠንቅቄ።»

«ስሜን ማን ጠየቀህ? ሬሳውን ወስደህ አንተ አለቀስክበት እንጂ!»

«እሺ በቃ፣ የመጽሐፉን መታሰቢያነት ላንቺ አደርገዋለሁ።»

«የገዛ ቀሚሴን ሰርቀህ ስጦታ ብለህ ልታመጣልኝ?»

አፏ መረራት። ያ «ከዚያስ?» ትዝ ሲላት ሰውነቷ ተሸማቀቀ፤ ቁስሏ ላይ ዝንብ አርፎ ሲመጥ ከርሞ አሁን ያየችው መሰላት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ምንም አልነካውም ነበር።

ዶክተሩ ፊቱ ዐመድ መሰለ። እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሰረዘው።

«ይቅር በይኝ» አለ። «እውነቴን ነው፣ እኔው ያሰብኩት መስሎኝ ነበር።»

አመነችው። ሲዋሽ ታውቀዋለች፣ አሁን አልዋሸም። ከታች የማተሚያው መኪና ይንኳኳል። ልቧ ትንሽ ትንሽ መለስ እያለ ነበር፤ ይቅር ልትለውም ትችል ነበር።

እሱ ግን የተሰረዘውን ገጽ እያየ ግንባሩን አሻሸ።

«መሐሉ ክፍት ሆነብኝ እኮ» አለ። «በቦታው ምን ብል ይሻላል ትያለሽ?»

ጠጋ ብሎ ጠበቃት።

አንድ ዓረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ያምር ነበር። ዋጠችው።

«ሠርጉ ቀርቷል» አለችው ቦርሳዋን እያነሳች። «እሱን ጻፍ። እሱ ያንተ ነው።»