ቀዩ ወደ ውጭ

ምክትል ኢንስፔክተር ራሄል ጨርቁ እርጥብ እንደነበር ያስተዋለችው ዘግይታ ነው። ያኔ ሟቹ ተቀብረዋል፣ ወፍጮ ቤቱ ታጥቧል፣ ጨርቁም እንደተጠቀለለ በማስረጃ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ እንደ ቋንጣ ደርቋል። የቀረው ጨርቁን አስገብታ ያመጣችበት ቡናማ የወረቀት ከረጢት ነበር። ከረጢቱ ውሃ ጠጥቶ ተጨማዷል፤ ከታቹም ቀይ ቀለም ፈሶበት ደርቋል።

«ያነሳሁት ከቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ነው» አለች ለብቻዋ። «ጣራው አያፈስም። ታዲያ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?»

በእጇ ይዛው ነበር። ጣቶቿም እርጥበቱን ሳይነኩት አልቀሩም። በራሷ ተናደደች።

በንፋስ መውጫ ከገበያው ጀርባ ያለውን ወፍጮ ቤት የማያውቅ የለም። ባለቤቱ አቶ ቢሆነኝ በወጣትነታቸው ከጋይንት ወጥተው ምድር ባቡር ተቀጥረው ኖረዋል፤ ጡረታ ሲወጡ ተመልሰው ወፍጮ ተከሉ። ከባቡር ቤት አንድ ልማድ ይዘው መጥተዋል። ለጥገና የሞተሩ ቺንጋ ወደሚዞርበት ጉድጓድ ሲወርዱ ከበሩ ውጭ ባለው ሚስማር ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላሉ፤ ሲጨርሱ ጠቅልለው ከበሩ ጀርባ ያኖሩታል። የሰቀለው ሰው ራሱ ካላወረደው ማንም አይነካውም። ከፉርጎ ሥር የገባ የባቡር ሠራተኛ ሕይወቱ በዚያ ጨርቅ ላይ ነበር።

በዚያ ዝናባማ ሐሙስ ግን ሚስማሩ ባዶ ነበር። የወፍጮው ሠራተኛ ይታየው ከምሳ ሲመለስ ሚስማሩን አየ። «አባባ!» ብሎም ተጣራ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር መልስ ቢኖርም አይሰማም። ሞተሩን አስነሣ። አቶ ቢሆነኝ ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ።

ይታየው በዚያው ቀን ታሰረ።

እናቱ ካሣነሽ እንደ ወትሮዋ ስንቅ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች።

«ዛሬም አልለቀቃችሁትም?»

«ገና ነው እትዬ ካሣነሽ። የምርመራ ውጤት እየጠበቅን ነው።»

«ውጤቱንማ እኔ አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልክ ይፈርዱበታል። ደረቱ ድሮም ብርድ አይችል፣ እዚያው ይቀርብኛል። እኔም ልጄን ሳላይ እሞታለሁ።»

«እንዲህ አይበሉ።»

«ከሐሙስ ወዲህ በሬን አልቀረቀርሁም። ድንገት ቢለቁትስ? መጥቶ ሲያንኳኳ እንቅልፍ ጥሎኝ ቢሆንስ?»

«ሌባ ቢገባብዎትስ?»

«ምን አለኝና? ሌባውም ቢያየኝ አዝኖ የራሱን ጥሎልኝ ይሄዳል።»

ራሄል ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ተመለሰ። አለቃዋ ኢንስፔክተር አዳነ ከቢሮው በር ላይ ይጠራታል።

«ሽማግሌው አርጅተው ነበር፣ ጨርቁን መስቀል ረሱ። ልጁም ቸኮለ። ፋይሉን ለምን አትልኪውም?»

«ጨርቁ እርጥብ ነበር።»

«የታለ እርጥቡ?»

ወረቀቱን አሳየችው። አገላብጦ አየውና መለሰላት።

«ለዐቃቤ ሕግ የተጨማደደ ወረቀት ይዘሽ ልትቀርቢ? ራሄል፣ እስከ ነገ ሌላ ነገር ካላመጣሽ ይሄዳል።»

መብራት ስለሌለ ኮምፒውተሩ አይሠራም፤ የምርመራውን ውጤት ለመጠየቅ ወደ ባሕር ዳር የደወለችው ስልክም እየተቆረጠ አስቸገራት። በመጨረሻ በባጃጅ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች።

በግቢው ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛው የሟቹ የወንድም ልጅ ሙላው ነው፤ ወፍጮውን ይወርሳል ተብሎ ይታማል። ሁለተኛዋ መምህርት ዮርዳኖስ፣ የሟቹ የልጅ ልጅ ናት። ሦስተኛው አቶ ዘመኑ፣ ከሐሙስ በፊት ከእስቴ ለጥየቃ የመጡ የድሮ የባቡር ባልደረባ ናቸው፤ ሰዉ በባቡር ቤቱ ፈረንሳይኛ «ሼፍ»፣ አለቃ፣ ይላቸዋል።

አቶ ቢሆነኝ ከቀዩ ጨርቅ ሌላ አረንጓዴም ነበራቸው፤ ሁለቱም በአንድ ወገን ካኪ ገበር አላቸው፣ ሁለቱም በትር አላቸው። ራሄል አረንጓዴውን ከግድግዳው አወረደችና ዘርግታ ለሙላው ሰጠችው።

«ያዝልኝ እስቲ።»

«ወራሽ ስለሆንሁ ነው እየተመላለስሽ የምታዪኝ?»

«አዎ።»

«ቢያንስ አትዋሺም። እኔ ሐሙስ ከወገዳ ስመጣ ነበርሁ። መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ስንገፋ ዋልን። ሹፌሩን ጠይቂው፤ አሁንም ይረግመናል።»

«እሺ፣ ጨርቁን አምጣው።»

ሙላው እንደ አሮጌ ካልሲ ጨብጦ ወረወረላት።

አቶ ዘመኑ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሼፍ፣ ዝናቡ ሲጥል የት ነበሩ?»

«በእንግዳ ክፍሉ ጋደም ብዬ። ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ። ይገርምሻል፣ ቢሆነኝ በባቡር ቤት ዘመናችን ጨርቅ ረስቶ አያውቅም ነበር። እርጅና ክፉ ነው።»

«ይሄን ያውቁታል?» ብላ አረንጓዴውን ሰጠቻቸው።

«እንዴት አላውቀውም! በዚህ ስንቱን ባቡር አሳልፌበታለሁ።» እያወሩ በጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ጠቀለሉት፤ ማሰሪያውንም ሸብ አድርገው መለሱላት። እጃቸውን አላዩትም። ራሄል ግን አየች።

ዮርዳኖስ ወጥ ቤት ነበረች። ዓይኗ አብጧል።

«አያትሽ በቅርብ ጊዜ የሚጨነቁበት ነገር ነበር?»

«የባቡሩን ታሪክ እያስነገርሁት ነበር፤ ተማሪዎቼ እንዲሰሙት። ፈረንሳዮቹ ወጥተው የመንግሥት ሲሆን ሥራው በክፍል በክፍል ተለያየ ይለኛል፤ ላይኛው ክፍልና ታችኛው ክፍል። ‹እንደ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት› እያለ ይስቃል። ፊሽካው፣ ፋኖሱ፣ የጨርቅ አጠቃለሉ ሳይቀር የተለያየ ነው።»

«የጨርቅ አጠቃለል?»

«አባባ በታችኛው ክፍል ነበር። እነሱ ቀለሙን ወደ ውስጥ፣ ገበሩን ወደ ውጭ ይጠቀልላሉ። ቀይ ከታየ ባቡር ይቆማላ! ላይኞቹ ግን ቶሎ እንዲገኝ ብለው ቀለሙን ወደ ውጭ ያደርጋሉ። አባባ ይሄ ነገር ሲነሣ ይናደድ ነበር። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። መጨረሻ ላይ የነገሩሽ ምንድን ነው?»

ዮርዳኖስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በሁለቱ ክፍሎች ድንበር ላይ አንድ ጓደኛው ከፉርጎ ሥር ሳለ ጨርቁን ሰው አወረደበትና ሞተ። ፉርጎውን ያንቀሳቀሰው ልጅ ታሰረ፤ እዚያው ሞተ። አባባ ያወረደውን ሰው ያውቅ ነበር፤ ፈርቶ ኖረ። ‹ቅዳሜ ተማሪዎችሽ ፊት ስሙን እጠራለሁ› አለኝ።»

«ይህን ሲል ማን ነበር?»

«እራት ላይ ነበርን። አያ ሙላውም፣ ሼፍም።»

በማግስቱ ሁሉም ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተር አዳነ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ይታየው በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ካሣነሽ ሳትጠራ መጥታ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ልጄን እዚሁ ልትፈርዱበት ነው?»

«አይደለም እናቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ራሄል፤ ከረጢቱን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ሁላችንም አቶ ቢሆነኝ ጨርቁን ረሱት ብለናል፤ ምክንያቱም ከበሩ ጀርባ፣ በቦታው ነበር። ግን ሳነሣው እርጥብ ነበር። ዝናብ ቤት ውስጥ አይዘንብም። ስለዚህ ጨርቁ ውጭ ተሰቅሎ ነበር፤ አልረሱትም።»

«ራሳቸው አውርደውት ይሆናል» አለ አዳነ።

«አውርደው ተመልሰው ጉድጓድ ገቡ? ይሁን እንበል። ታዲያ እንደ ልማዳቸው ቀዩን ወደ ውስጥ ይጠቀልሉት ነበር። እኔ ያገኘሁት ግን ቀዩ ወደ ውጭ ተጠቅልሎ ነው። በዕለቱ ያነሣሁት ፎቶ ይኸው።»

ሙላው አንገቱን አሰገገ። «እኔን ነው?»

«አንተ ጨርቅ መጠቅለል አትችልም፤ ሹፌሩም ስትገፋ እንደነበርህ ነግሮኛል፣ እየተራገመ። ይታየውም ትናንት በእስር ቤቱ አረንጓዴውን ሰጥቼው እንደ ነጠላ በአራት አጠፈው።»

«እኔ ነኝ ያስተማርሁት» አለች ካሣነሽ፤ ማልቀስ ጀመረች።

«ዮርዳኖስ የምታውቀው የአያቷን አጠቃለል ነው። በዚህ ግቢ ሳያስብ ቀለሙን ወደ ውጭ የሚጠቀልል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የላይኛው ክፍል ሰው። ትናንት እያወራኝ በፊቴ ጠቀለለው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ሼፍ፣ ቅዳሜ ሊጠራ የነበረው ስም የእርስዎ ነው።»

አቶ ዘመኑ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አስገቡ።

«ወርውሬው ብሄድ ኖሮ አታገኚኝም ነበር» አሉ። «ጨርቅ መሬት መጣል ግን አልለመድሁም። እጄ ነው የጠቀለለው።»

ዮርዳኖስ ጮኸች። «ለዚያኛው ልጅ አላዘኑ፣ ለዚህስ? ይታየው ይታሰርልዎት ነበር?»

«ያኔም ሌላ ሰው ነበር የታሰረው» አሉ።

ይታየው ግን ወዲያው አልተፈታም። ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ ማኅተም ያዡ ምሳ ወጥቷል ተባለ፤ መብራት ጠፍቶ ትእዛዙ በእጅ ተጻፈ። ካሣነሽ በእያንዳንዱ መዘግየት «አልኋችሁ! ሐሳባቸውን ለውጠው ነው» ትላለች። ራሄልም አብራት ቆመች።

ፀሐይ ስትጠልቅ እናትና ልጅ ቤታቸው ደረሱ። በሩ እንደ ሰሞኑ ገርበብ ብሎ ነበር። ካሣነሽ መጀመሪያ ገብታ ጓዳውን፣ ከአልጋው ሥርም ሳይቀር አየች።

«ነገ ተመልሰው ቢመጡስ?»

«አይመጡም እማዬ።»

«ቢመጡስ?»

«እንግዲያስ ያንኳኳሉ። ንፋሱ ገባ እኮ።»

ደረቱን አየችው፤ ሲያስል ሰማችው። ወደ በሩ ሄዳ በሁለት እጇ ገፋችው፤ መቀርቀሪያውን ስባ ቀረቀረችው።