በስሎው ሞሽን የተገፋው ሰው

ባለስቱዲዮው ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ ሞተ፤ አስከሬኑ ሳይነሣ ገዳይዋ ታወቀች ተባለ። የሥራ ሸሪኩ አወዳደቁ የተቀረጸበትን ቪዲዮ ወደ መንገድ በሚያየው የስቱዲዮው ትልቅ ስክሪን ላይ ለቆት ነበራ! የስቱዲዮው ቪዲዮ አቀናባሪ፣ የኤዲተሯ፣ እጅ እንደ እባብ ተስቦ ሄዶ የሟቹን ጀርባ ሲገፋ፣ በስሎው ሞሽን፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የበረንዳው መደገፊያ ብረትም በግፊያው ተገንጥሎ አብሮ ወደቀ ተባለ።

መርማሪዋን «ወንፊት» ይሏታል። እንኳን ሰው፣ ዝንብ ብትዋሽ ከክንፏ ድምፅ ታውቃለች ይባላል፤ ከተጋነነም ትንሽ ነው።

«እመኚና ይቅለልሽ» አለቻት ኤዲተሯን።

«ያላደረግሁትን አላምንም። ከፈለጋችሁ በስሎው ሞሽን እሰሩኝ።»

«እጅሽስ?»

«ጋሼ ሲዘም አይቼ ልይዘው ዘረጋሁት። አልደረስኩበትም።»

«እዚያ ምን ትሠሩ ነበር?»

«ጭቅጭቅ ልንፈታ። የኔ ሶፍትዌር ቪዲዮ ሲያዘገይ ካሜራው ያነሣቸውን ፎቶዎች ብቻ ይደጋግማል፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዋሽም። የሸሪኩ ግን በሁለት ፎቶ መሃል የሌለውን ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል፤ ሲታይ ልስልስ ያለ ቅቤ ነው። የቱ ይሻላል ብለን ጋሼ፣ እኔ ጫፉን ይዤለት፣ አንሶላ ሲያራግፍ ልንቀርጽ ወጣን። ብረቱን ተደግፎ ያራግፍ ያለው ሸሪኩ ነው፤ ካሜራውንም እሱ ተከለ።»

ወንፊት ከዚያ ወደ ሟች ሚስት ሄደች።

«እትዬ፣ ባለቤትዎና ሸሪካቸው ይስማሙ ነበር?»

«ሊለያዩ እኮ ነው። ‹ከዚች ልጅ ጋር እሠራለሁ› ብሎታል።»

«የበረንዳውን ብረትስ በቅርቡ የነካው አለ?»

«እሱ ራሱ ነዋ፣ ሸሪኩ። ፈትቶ ቀለም ቀባው። የኔ ባል ብሎን ከሚስማር አይለይም ነበር።»

ወንፊት የሸሪኩን ቪዲዮ ደጋግማ አየች። ሰዎቹን ትታ ግድግዳውን፣ በሩን፣ የበሩን መቃን ትመለከት ነበር። በመጨረሻ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ የጣቢያው አዛዥም መጣ።

«የእንጨት መቃን ይጎብጣል?» ብላ ሸሪኩን ጠየቀችው።

«ምን ሲደረግ?»

«በቪዲዮህ ይጎብጣል። እጇ ባለፈበት ሁሉ ከኋላ ያለው መቃን እንደ ራሰ ገመድ ይለመጣል።»

«ካሜራው ነው እንዲያ የቀረጸው።»

«ካሜራውማ እኛ ጋ ነው። አንተ ቅጂ ወስደህ ለሰፈሩ ለማሳየት ስትሮጥ ፖሊስ አነሣው። ያንተ ቅጂ የበለጠ ጥራት አለው ብለን ዋናውን ከፍቶ ያየ የለም፤ እኔም ጭምር።» ወደ ኤዲተሯ ዞረች። «በአንቺው ሶፍትዌር ክፈቺው።»

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። በመጀመሪያው ሟቹ ብረቱን ተደግፏል፤ የኤዲተሯ እጅ አንሶላው ላይ ነው። በቀጣዩ ብረቱ ተነቅሎ ሰውየው ዘሟል፤ እጇ ገና ወደ እሱ እየተዘረጋ ነው፤ በመሃላቸው ባዶ አየር። በሦስተኛው ሰውየው የለም።

«ብረቱ ከእጇ ቀድሞ ሄዷል» አለች ወንፊት። «በእነዚህ ሁለት ፎቶዎች መሃል እጇን ከጀርባው ጋር ያጋጠመው ሶፍትዌርህ ነው። አሁን የታችኛውን ጠርዝ እዩ፤ ብረቱ ገና ሳይወድቅ፣ እግሩ የቆመበት ቀዳዳ ብሎን የለውም። በቅጂህ ይህ ጠርዝ ተቆርጧል። ብሎን እንደሌለ የማያውቅ ሰው ለምን ይቆርጠዋል?»

«ለ... ለውበት ነው።»

«ለውበት!» አለች ሚስቲቱ።

«ብሎኖቹም በቀለም ጣሳህ ውስጥ ተገኝተዋል» አለች ወንፊት። ሸሪኩ እንደ ሶፍትዌሩ የሌለውን ፈጥሮ ሊሞላ አፉን ከፈተ፤ አልሞላለትም። እጁን ለካቴና ሰጠ።

«ነፃ ነሽ፣ ሂጂ» አላት አዛዡ ኤዲተሯን።

«አልሄድም።»

«ምን ጎደለሽ?»

«ውሸቱን መንገደኛ ሁሉ ሲያይ ዝም ብላችኋል። እውነቱንም እዚያው ሳያይ ንቅንቅ አልልም።»

«የፖሊስ ማስረጃ አደባባይ አይወጣም።»

«ያኛውም ማስረጃ ነበር፣ ጌታዬ» አለች ወንፊት፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየች።

ኤዲተሯ መልስ አልጠበቀችም። የኮምፒውተሯን ገመድ ከመንገዱ ስክሪን ጋር ሰክታ፣ ዋናውን ቪዲዮ ለቃ ደጅ ወጣችና ከስክሪኑ ጎን ቆመች። ትናንት ፊታቸውን ያዞሩባት ጎረቤቶች አንድ ሁለት እያሉ ተሰበሰቡ።

«እኛማ ያየነውን ነው ያመንነው፣ እህቴ» አለ አንዱ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ቀና በልና እይ እንግዲህ» አለችው።