«ሄሪም ደህና ናት»

«በሩን ዝጊው! ቶሎ በይ!»

ዳንቢ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው። ሄሪም ከትልቁ መስታወት ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ያበጠ ቀኝ እግሯን ነጭ ቡትስ ውስጥ ለማስገባት ትታገላለች። ቁርጭምጭሚቷ ጠቁሯል፤ ቆዳዋ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ከግድግዳው ወዲያ የባንኮክ ልጃገረዶች አዳራሹ ገና ሳይሞላ ስማቸውን እየጠሩ ይጮኻሉ።

«እታለም፣ ይሄማ ከትናንት ብሶበታል» አለች ዳንቢ።

«አታካብጂ። ጫማው ነው የጠበበው።»

«ጫማው?»

«አቦ፣ ሙድ አትያዢብኝ። ይልቅ ነይና ሳቢልኝ።»

ዳንቢ ተንበርክካ ሳበች። ሄሪም ፎጣ ነክሳ አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች። እግሯ ሲገባ ግን እንባዋን ጠርጋ ሳቀች፤ «አየሽ? ገባ!»

ዳንቢ አልሳቀችም። ከአምስቱ የ«ዬኡል» የዘፈንና የጭፈራ ቡድን ልጆች ታናሿ እሷ ናት፤ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከቡሳን ሴኡል ገብታ ልምምድ የጀመረች ሰሞን፣ ምድር ቤት ካለው መለማመጃ ክፍል ጥግ ተቀምጣ ስታለቅስ ያገኘቻት ሄሪም ነበረች። የሩዝ ጥቅልሏን ለሁለት ከፍላ አበላቻት። ከዚያ ወዲህ የምትጨፍረውን ሁሉ ያስተማረቻት እሷ ናት። አሁን የመጀመሪያ የውጭ አገር የኮንሰርት ጉዟቸውን ጀምረዋል፤ መክፈቻው ማኒላ ነበር። እዚያ ሄሪም ስትዘል እግሯ ታጥፎ አረፈች። የጠሩላት ሐኪም በመርፌ አደነዘዘላትና፣ «አጥንቱ ሳይሰነጠቅ አይቀርም፤ ራጅ ሳትነሳ መጨፈር የለባትም» አለ። ዳንቢ በሩ ላይ ቆማ ሰምታዋለች። ማናጀራቸው ፒዮም አጠገቧ ነበር። ራጁ ግን አልተነሳም።

ፒዮ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ስልክ ለዳንቢ ዘረጋላት።

«ከአድናቂዎች ጋር ላይቭ ልትገቢ ነው። ስለ ሄሪም መጠየቃቸው አይቀርም። ‹ደህና ናት› በይና እለፊው።»

«ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙን ተይው። ራሷን ጠይቂያት።»

ዳንቢ ወደ ሄሪም ዞረች። ሄሪም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ሚጢ፣ ዛሬ መድረክ ካልወጣሁ አራት ሆናችሁ ትጨርሳላችሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያ አራት መሆናችሁ ይለመዳል። እኔን ማን ያስታውሰኛል? በናትሽ።»

ዳንቢ ስልኩን ተቀበለች። ፊቷን አበራች፤ እጇን አውለበለበች። ጥያቄው ወዲያው መጣ፤ ከዚያም ደጋግሞ መጣ። «ሄሪም እያነከሰች ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«ኧረ ደህና ናት!» አለች እየሳቀች። «አዲስ ጫማ ጠቧት ነው።»

ቀያይ ልቦች ስክሪኑን ሞሉት።

መድረኩ ላይ ሄሪም ሁለት ዘፈን ቻለች። በሦስተኛው፣ ሁሉም አብረው ዘለው ሲያርፉ፣ እሷ አልተነሳችም። ዳንቢ መጀመሪያ የሰማችው ጩኸቷን አልነበረም፤ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ያለ ነገር ነው። ሙዚቃው አልቆመም። ጆሮዋ ውስጥ ካለው ማዳመጫ «ቀጥሉ! ክፍተቱን ዝጉት!» የሚል ድምፅ መጣ። ዳንቢ በሄሪም አጠገብ ተሽከርክራ አለፈች። ሄሪም እጇን ዘርግታላት ነበር። ዳንቢ እጇን አልያዘችም። ፈገግታዋም ከፊቷ አልጠፋም፤ አፏ እንደዚያ ተለማምዶ ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ፒዮ ለብቻዋ ጠራት። ቀዶ ጥገናው አልቋል። ሄሪም ትራመዳለች፤ መጨፈር ግን አይታሰብም ተብሏል። ቡድኑን የሚያስተዳድረው ድርጅትም ጠዋት መግለጫ አውጥቷል፤ ሄሪም ጉዳቷን ከባልደረቦቿም ከድርጅቱም እንደደበቀች፣ ሁሉም በጣም እንዳዘኑ ይላል።

«እናቷ ከኮሪያ፣ ከሞክፖ መጥተዋል። ከቡድኑ አንዳችሁን ማናገር ይፈልጋሉ» አለ። «‹ማንም አያውቅም ነበር› በያቸው፤ በቃ። ደግሞ ስሚ፣ ጃካርታ ላይ መሃል የምትቆሚው አንቺ ነሽ።»

መሃል። ቡሳን እያለች አልጋዋ ላይ ወጥታ ስትጨፍር ሁልጊዜ የምትቆመው መሃል ነበር። ለቅጽበት ልቧ ዘለለ። ልቧ በመዝለሉ አፈረች።

ክፍሉ ውስጥ ሄሪም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጭር፣ እጃቸው የሻከረ ሴትዮ ናቸው። ፒዮ በሩ ላይ ቆመ።

«ዳንቢ አንቺ ነሽ? ሁልጊዜ ስላንቺ ታወራለች» አሉ እናቷ። «ጽሑፉን አነበብኩት። ልጄ ከሁላችሁም ደብቃ ነው ይላል። እግሯ እንደዚያ ሆኖ አንድም ሰው አላየም? አብራችሁ አይደል እንዴ የምትኖሩት?»

«እማ፣ ተያት» አለች ሄሪም ሳትዞር። «አታውቅም ነበር።»

ፒዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «መኪናው እየጠበቀን ነው፣ ዳንቢ። አውሮፕላኑ ያመልጠናል።»

ዳንቢ የሄሪምን ጀርባ አየች። ትከሻዋ ከአንሶላው በላይ ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ሚጢ!» ሄሪም ዞረች። አይኗ አብጧል። «ዝም በይ! አንቺንም ያባርሩሻል! እኔስ ደብቂልኝ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል። እኔም ደህና ናት ብዬ ለዓለም ሁሉ ዋሸሁልሽ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሐኪሙ ማኒላ ላይ ሲናገር ሰምቻለሁ። ጋሼ ፒዮም አብረውኝ ነበሩ።»

የሄሪም እናት ከአልጋው ተነሱ። ዳንቢ በጥፊ የሚመቷት መሰላት፤ ቢመቷትም ፊቷን አታዞርም ነበር። ሴትዮዋ ግን አልመቷትም፤ አላቀፏትምም። ዓይን ዓይኗን አዩዋት፤ ያ ባሰባት።

«ዳንቢ፣ ውጪ» አለ ፒዮ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ አልነበረም። «አሁኑኑ።»

ሄሪም ፊቷን መልሳ ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዳንቢ ከመስኮቱ ሥር የነበረውን ወንበር ሳበችና በሄሪም እናት ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ልንገርዎት?» አለች።

እናቷ ቀስ ብለው መልሰው አልጋው ላይ ተቀመጡ። ዳንቢ ወደ በሩ ሳትዞር መናገር ጀመረች።