መሐል ሜዳ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነው አውጫጭኝ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ መጀመሪያ ይህን ያዝልኝ። ዛር ነው፣ ውቃቢ ነው ሲባል እስቃለሁ፣ ባለቤቴ "አፍህን ያዝ!" እያለች ታማትባለች፣ እኔ እቴ! ሲሚንቶ አቡክቼ ያደግሁ ፎርማን ነኝ፣ ግድግዳ ከተሰነጠቀ መሠረቱ ነው፣ ጣሪያ ከጮኸ ሚስማሩ ነው፣ አለቀ። ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ግን መሐል ሜዳ ከተማ ያጋጠመኝን እንዳለ ልንገርህ፣ አንተው ፍረድ።

አዳራሹን የመንዝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በንጉሡ ዘመን ባዶ ሜዳ ነበር አሉ፣ በደርግ ጊዜ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ የስብሰባ አዳራሽ ሠራበት፣ ደርግ ሲወድቅ የእህል መጋዘን ሆነ፣ እህሉ ሲወጣ ደግሞ ወጣቶቹ ገብተው መረብ ኳስ ጀመሩበት። አትፍረድባቸው፣ የመንዝ ነፋስ ውጭ የመታኸውን ኳስ ጓሳ ተራራ ነው የሚያደርስልህ! በመጨረሻ "ይታደስ፣ ደንበኛ የስፖርት አዳራሽ ይሁን" ተባለና ሥራው ለእኔ ደረሰ፤ ጣሪያውን መቀየር፣ ወለሉን ጣውላ ማልበስ፣ በአንድ በኩል ደረጃ ደረጃ ያለው የተመልካች መቀመጫ መሥራት።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከደብረ ብርሃን ያስመጣነው የወለል ጣውላ ግማሹ ጠፋ። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉ ያለው ደግሞ ዘበኛው ጋሽ ሽበሺ እጅ ብቻ ነው። አዳራሹ ሲሠራ ድንጋይ የተሸከሙ፣ ከዚያ ወዲህም የጠበቁት ሽማግሌ ናቸው፣ ቢሆንም "ጣውላው እስከ ነገ ካልተገኘ ለፖሊስ ይሰጣሉ" ተባለ። አዘንኩላቸው፣ በጣም አዘንኩላቸው።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "በስተርጅና ሌባ ተብዬ ከምቀበር አውጫጭኝ አስቀምጥልኝ። ይሄ ሜዳ እኮ ድሮም የአውጫጭኝ ሜዳ ነበር።"

አውጫጭኝ የድሮ ዳኝነት ነው፣ ዕቃ ሲጠፋ አገሬው አንድ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያውቅ ሰው "ወፍ ነገረችኝ" ብሎ ሌባውን እስኪያወጣ ድረስ ማንም አይነሳም። ሠራተኞቹ ሳቁ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ፣ ግን እንቢ ለማለት ሆዴ አልቻለም።

ከምሳ በኋላ በሩን ዘግተን ሁላችንም ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። መቀመጫው ላይ ማንም እንዳይወጣ ከልክያለሁ፣ ጠዋት የተቀባው አረንጓዴ ቀለም አልደረቀም። ውጭ ጉሙ ወርዶ መስኮቱ ሁሉ ነጭ ሆኗል።

"ያየህ ተናገር፣ የሰማህ ተናገር!" አሉ ጋሽ ሽበሺ ቆመው። አንዱ ግንበኛ ሳቁን ሲያፍን ይሰማኛል።

ከዚያ ከኋላችን፣ ከመቀመጫው በኩል፣ እንጨቱ ሲጥ አለ። አዲስ እንጨት ነው፣ ብርዱ ነው፣ አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ ዱላ ሲጋደም ተሰማ፣ ቀጥሎ የሽማግሌ ሳል፣ ቀጥሎ ዝናብ የመታው የበግ ጠጉር በርኖስ ሽታ መጣ፣ ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ለሌላው ቦታ ሲለቅ ደግሞ እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር ተንቋቋ። እመነኝ፣ ሰው እየመጣ እየተቀመጠ ነበር፣ በሩ ግን ዝግ ነው! ዞር ብዬ አየሁ፣ ባዶ ነው። አሁን የሚስቅ የለም።

"ወፍ ነገረችኝ፣" አለ አንድ ያረጀ የሴት ድምፅ፣ "ጣውላው በደምሴ በረት ውስጥ፣ ከገለባው ሥር ነው።"

ከመካከላችን አንዲትም ሴት የለችም። ደምሴ ማለት ደግሞ ዋናው አናጢዬ፣ የባለቤቴ ወንድም ነው፣ እዚያው አጠገቤ ተቀምጧል። ተነሳና ጋሽ ሽበሺ እግር ላይ ወደቀ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ! ቁልፉን ከካፖርትዎ ኪስ ወስጄ ነው!"

ሽማግሌው አለቀሱ። እኔ በእፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፣ "በቃ፣ ተነሱ፣ ጣውላውን እናምጣ!" ብዬ በሩን በረገድኩት።

ጣውላው ከተባለው ቦታ ተገኘ። ማን ነው የተናገረው ብዬ ሁሉንም ጠየቅሁ፣ ሁሉም "ልክ ከጆሮዬ ኋላ ነው የሰማሁት" አለኝ። መቀመጫውን አየሁት፣ ቀለሙ ላይ የሰው ዱካ የለም፣ ላይኛው ረድፍ ላይ ግን ጥቁር የበግ ጠጉር ከዳር እስከ ዳር ተጣብቋል። መንዝ ነው፣ በግ የሞላበት አገር ነው፣ ነፋስ ያመጣው ነው አልኩ፣ አሁንም እላለሁ።

ጋሽ ሽበሺ አጠገቤ ቆመው ሽቅብ ያያሉ።

"ልጄ፣ አውጫጭኝ ሲያበቃ ሽማግሌ መርቆ ነው የሚያሰናብት። እኔ በደስታ ረሳሁት፣ አንተ እኛን አስነሳኸን። እነሱንስ ማን አሰናበታቸው?"

"ነገ ይመርቁላቸዋ!" ብዬ ቀለድኩ። በማግስቱ አልመጡም፣ ብርድ መትቷቸው ተኝተው ነበር፣ ስማቸው ከጠራ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

አዳራሹ ተመረቀ፣ ወለሉ እስከ ዛሬ አንድ ጣውላ አልተነሳበትም፣ ሥራዬን አውቃለሁ። ተመልካቹ ግን የቱን ያህል ቢጨናነቅ ላይኛው ረድፍ ላይ አይቀመጥም። ለምን ስትለው "ተይዟል" ይልሃል፣ ማን እንደያዘው አይነግርህም።

ባለፈው አንድ ቀን፣ ጨዋታ አልቆ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ብቻዬን መሐል ወለሉ ላይ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። አትሳቅብኝ። "አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ነገሩ አልቋል፣ እግዜር ይስጥልን፣ በሰላም ግቡ" አልኩ፣ እንደ ሽማግሌ መረቅሁ፣ ከዚያ እንጨቱ ሲንቋቋ ለመስማት ጠበቅሁ። ከላይኛው ረድፍ የሽማግሌ ሳል ተሰማ። የተነሳ ግን የለም።